«ደብተራቸው የታለ?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ የትርጉም ድርጅት ስሠራ፣ ስለ ቀደምት የአሜሪካ ቤዝቦል ተጫዋቾች የተጻፉ አርባ ያህል አጫጭር የሕይወት ታሪኮችን ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ጽሑፎቹ ለተማሪዎችና ለወላጆቻቸው በነፃ ለሚታደል ባለ ሥዕል መጽሔት የተዘጋጁ ነበሩ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው ልጆቼ ሲጫወቱ ከሜዳው ዳር ቆሜ ያየሁትን ያህል ብቻ ስለነበር፣ የፈራሁት የውርወራውንና የምቱን ስያሜዎች ነበር፤ እነሱን በማጣራት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። በየታሪኩ መጨረሻ ላይ የምትገኘው፣ ተጫዋቹ በዚህ ዓመት ጨዋታ አቆመ የምትለው ዓረፍተ ነገር ግን ፈጽሞ አላሳሰበችኝም። የመጀመሪያውን «ጡረታ ወጣ» ብዬ ጻፍኩ። የምንገለገልበት የኮምፒውተር ፕሮግራም አንድ ጊዜ የተተረጎመውን ሐረግ እያስታወሰ በሚቀጥለው ቦታ ራሱ ስለሚያስገባው፣ አርባዎቹም ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ጡረታ ወጡ።

የእርማቱን ሥራ የሚሠሩት በዕድሜ የገፉ፣ አገር ቤት ሳሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ጽሑፉን ባስረከብኩ በሦስተኛው ቀን ጠሩኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሐረግ ብቻ ከገጽ ገጽ በቀይ ተከቧል።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ጡረታ ከወጡ ደብተራቸው የታለ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሥራ አቆሙ ለማለት ነው እኮ።»

«ሥራ ማቆም ሌላ፣ ጡረታ ሌላ። እኔ ስንት ሰው በእጄ አልፎ ጡረታ ወጥቷል፤ በየወሩ የሚቆጠርለት ገንዘብ ነበረው። ለእነዚህ ማን ቆጠረላቸው?»

እውነቱን ለመናገር ተከፋሁ። በዕለት ተዕለት ንግግር ሥራ ያቆመውን ሁሉ ጡረተኛ እንላለን፤ ለአንድ ቃል ይህን ያህል ቀይ ቀለም ማፍሰስ የሽማግሌ ግትርነት መስሎ ታየኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ መረጃ ማገላበጥ የጀመርኩትም እንድማርበት ሳይሆን እሳቸውን ልረታበት ነበር።

ያገኘሁት ግን በተቃራኒው ነው። በይፋ ሙሉ በሙሉ በደመወዝተኞች የተዋቀረው የመጀመሪያው የቤዝቦል ቡድን የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1869 ነው፤ ከዚህ በኋላ የማነሣቸው የቤዝቦል ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የታላላቅ ሊጎች ተጫዋቾች የጡረታ ዐቅድ የተቋቋመው በ1947 ነው፤ ያውም በቀደመው ዓመት ተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ሲንቀሳቀሱ የክለብ ባለቤቶች ደንግጠው ከሰጧቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ። አምስት ዓመት የተጫወተ ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው በወር 50 ዶላር ያገኝ ነበር። እኔ የተረጎምኳቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሞተዋል። በመካከል ያሉት 78 ዓመታት ደብተር የሌለባቸው ናቸው።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ አባቴ ከግል ድርጅት ሾፌርነቱ የተለየው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። በእኛ ቤት «አባባ ጡረታ ወጣ» ያለ ሰው አልነበረም፤ «ቤት ዋለ» ነበር የሚባለው። ልዩነቱን ከእናቴ አፍ እየሰማሁ አድጌ በባዕድ ሰዎች ታሪክ ላይ እንዴት እንደጠፋኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግሥቱ አርባዎቹን ታሪኮች አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነ፤ ምክንያቱም የተሳሳተውን ሐረግ በሌላ አንድ ሐረግ መተካት አልተቻለም። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከእግር ኳስ ያመጡት «ጫማውን ሰቀለ» የሚለው አባባል ለጥቂቶቹ ይስማማል። ለምሳሌ አልበርት ስፖልዲንግ በ1876 ለቺካጎ 47 ጨዋታዎችን ያሸነፈ ወርዋሪ፣ ማለትም ኳሱን ወደ መቺው የሚወረውር ተጫዋች ነበር፤ በዚያው ዓመት የስፖርት ዕቃ መደብር ከፍቶ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ሜዳውን ለንግዱ ሲል ተወው። እንዲህ ያለው ሰው ጫማውን ሰቀለ ቢባል ያምርበታል፤ ጫማም ይሸጥ ነበርና። ቢሊ ሰንዴይ ደግሞ በ1891 የቀረበለትን የ3,500 ዶላር ውል ትቶ በቺካጎ ወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር (ወወክማ) በወር 83 ዶላር ተቀጠረ፤ በኋላም ዝነኛ ወንጌላዊ ሆነ። እዚህ ላይ «ጨዋታን ተወ» አልኩ፣ መተዉ የራሱ ፈቃድ ስለነበር። ከ360 በላይ ጨዋታዎችን ያሸነፈው ፑድ ጋልቪን በ1902፣ በ45 ዓመቱ በድህነት ሞተ፤ የእሱን በቀላሉ «መጫወት አቆመ» ብዬ አለፍኩት።

ከሁሉ ያደከመኝ ኤሞስ ሩሲ ነው። የኒውዮርክ ጃያንትስ ወርዋሪ ሲሆን ኳሱ እጅግ ፈጣን ነበር፤ በ1893 በወርዋሪውና በመቺው መካከል ያለው ርቀት ከ50 ጫማ ወደ 60 ጫማ ከ6 ኢንች እንዲሰፋ ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ የእሱ ጉልበት እንደሆነ ይነገራል። የየዓመቱ ውጤቱ በሰፈረበት ሠንጠረዥ ላይ 1896 ባዶ ስለነበር እኔ ምንም ሳልጠይቅ «ጡረታ ወጥቶ በ1897 ተመለሰ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በ25 ዓመቱ ማለት ነው። እውነቱ ሌላ ነው። የክለቡ ባለቤት አንድሩ ፍሪድማን 200 ዶላር ቀጥቶት ስለነበር፣ ሩሲ «ገንዘቤ ካልተመለሰ አልፈርምም» ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ። ወደ ሌላ ክለብ እንዳይሄድ መንገዱ ዝግ ነበር፤ የክለብ ባለቤቶች ከ1879 ጀምሮ መጀመሪያ አምስት አምስት ተጫዋቾችን፣ ቀስ በቀስም ሁሉንም ለማለት ይቻላል፣ ውላቸው ቢያልቅ እንኳ ሌላው እንዳይነካቸው ተስማምተው ይይዙ ነበር። ስለዚህ የተጣላ ተጫዋች የቀረው ምርጫ ማኩረፍ ብቻ ነበር። ሩሲ ግን ከሰሰ። ጠበቃው ራሱ የቀድሞ ተጫዋች የነበረው ጆን ሞንትጎመሪ ዋርድ ነው፤ እሱም በ1885 ሕግ ተምሮ የጨረሰ፣ በ1894 በ34 ዓመቱ ከሜዳ ወደ ሕግ ሥራው የሄደ ሰው ነው። ሌሎቹ ባለቤቶች ስምምነታቸው ፍርድ ቤት እንዳይፈተሽባቸው ፈርተው ገንዘብ አዋጡና ለሩሲ ከፈሉት፤ በ1897 ተመልሶ 28 ጨዋታ አሸነፈ። እኔ በሁለት ቃላት ጡረተኛ ያደረግሁት ሰው አድመኛ ነበር! «ውል ሳይፈርም ከረመ» ብዬ አረምኩት። ጨርሶ ጨዋታ ካቆመ በኋላ በወረቀት ፋብሪካ የጉልበት ሥራ ሠርቷል፤ በ1921 ወደ ኒውዮርክ ሲመለስም ድሮ ይወረውርበት በነበረው ክለብ ሜዳ ተቀጥሮ አገልግሏል።

የሞዘስ ፍሊትውድ ዎከርን ለጋሼ ሳሳያቸው ሌላ እርማት ገጠመኝ። ዎከር በ1884 ለቶሊዶ 42 ጨዋታዎችን የተሰለፈ ጥቁር ኳስ ተቀባይ ነበር። በ1889 ከሰራኪዩዝ ሲለይ፣ በዚያ ቡድን ሊግ ውስጥ እስከ 1946፣ እስከ ጃኪ ሮቢንሰን ድረስ፣ ሌላ ጥቁር ተጫዋች አልታየም። እኔ በአዲሱ ጥንቃቄዬ እየኮራሁ «ራሱን ከጨዋታ አገለለ» ብዬ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ራሱን ነው ያገለለው ወይስ አገለሉት?» አሉኝ።

«አገለሉት» አልኩ።

«እንግዲያው ፊደል አትቆጥብ።»

ሥራው በሁለት ቀን ዘገየ፤ ድርጅቱም ከክፍያዬ ቀነሰብኝ፤ አልተከራከርኩም። ከፕሮግራሙ ማስታወሻ ውስጥ ሐረጉን ሰርዤ፣ መጨረሻ ላይ «ጡረታ» የሚለው ቃል ተርፎ እንደሆነ በመላው ጽሑፍ ውስጥ ፈለግሁ። አንድ ቦታ ብቻ አገኘሁት፤ በካፕ አንሰን ታሪክ። አንሰን ለቺካጎ 22 ዓመት ተጫውቶ፣ በ45 ዓመቱ ውሉ ሳይታደስለት ቀርቶ የተሰናበተ ሰው ነው፤ እሱ ሲሄድ ጋዜጠኞች ቡድኑን «ወላጅ አልባዎቹ» ይሉት ጀመር። ጥቁር ተጫዋቾች ካሉበት ቡድን ጋር አልጫወትም እያለ በሩን ከዘጉት ግንባር ቀደሞቹ አንዱ ስለነበር ብዙም አላዘንኩለትም። ቢሆንም ንግዱ ከስሮ በቸገረው ጊዜ ሊጉ ሊረዳው ሲነሣ ያደረገው በጽሑፉ ውስጥ አለ። ጋሼ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አንብበው ሳይነኩት መለሱልኝ፤ «ሊጉ ጡረታ ሊቆርጥለት ቢጠይቀውም አልቀበልም አለ» ይላል።