በባቲ ገበያ የታመምኩት እኔ ነኝ

ሰው በስንት ነገር ይታመማል፤ እኔ የታመምኩት በግመል ነው። አልረገጠኝም፣ አልነከሰኝም። ብቻ በሰኞ ገበያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የባቲ ሕዝብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ዱዓ አድርጎልኛል። እስካሁን ሌሊት ሌሊት ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስቤ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ነገሩን ያመጡት እንግዶቼ ናቸው፤ የአክስቴ ልጅና ባሏ። ከአዲስ አበባ ደሴ ገብተው ገና ቡናው ሳይፈላ «በረሃ አሳየን» አሉኝ። ኤርታሌንና ዳሎልን በስልክ አይተው ጨርሰዋል። እሷማ የበረሃ ባርኔጣ፣ የበረሃ ሻርፕ፣ የበረሃ መነጽር ገዝታ ነው የመጣችው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ አገር መሆኑን፣ ኤርታሌም ቢሆን ውኃ ተጭኖ፣ መንገድ መሪ ተይዞ እንጂ በሸበጥ ጫማ ብቅ ተብሎ እንደማይመጣ ነገርኳቸው።

«እሺ፣ ሉሲ የተገኘችበትስ?» አለ ባሏ።

«አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1967 ዓ.ም. ነው። አሁን ያለችው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። አንተ በየቀኑ ለሥራ የምታልፍበት።»

«አይቻት አላውቅም» አለ፣ ትንሽም ሳያፍር።

በመጨረሻ ባቲ ላይ ተስማማን። ባቲ የበረሃው ደጃፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ምድር ይወርዳል። ሰኞ ደግሞ ደገኛውም ቆለኛውም አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኝበት ቀን ነው። ግመል አለ፣ ጨው አለ፣ ፀሐይ አለ። ከዚህ በላይ በረሃ የሚፈልግ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ይምጣ።

ደሴን ማለዳ ስንለቅ ብርዱ አያድርስ ስለነበር ጋቢ ለብሻለሁ። ይህን ጋቢ ያዙልኝ። ከደሴ ባቲ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ኮምቦልቻን አልፈን ስንታጠፍ ሚኒባሷ ውስጥ ላብ ይንቆረቆር ጀመር። መስኮት ከፈትኩ። ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ «ልጄ፣ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል» አሉኝ። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም በአንድ ድምፅ ደገፏቸው። በዚህች አገር ንፋስ መትቶት የሞተ ሰው ቀብር ላይ ቆሜ አላውቅም። በላብ ልሞት የነበረው ግን እኔ ነኝ፤ ለእኔ የተከራከረ አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ራሷ «ዝጋላቸው እንጂ፣ እናት አይደሉ?» አለችኝ። እሷ ማራገቢያ ይዛለች።

ግመል ተራ ደረስን። አንዱ ግመል ተንበርክኮ ታችኛውን መንጋጋውን ወደ ጎን እየነዳ ያመነዥካል። ባለቤቱ ጊሌ የሚሉትን የአፋር ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ፣ ዝምተኛ የአፋር ሽማግሌ ነው። «መውጣት እንፈልጋለን» አለች የአክስቴ ልጅ። 300 ብር ተባለ። ባሏ ኪሱን ዳብሶ «ዝርዝር የለኝም» አለ፤ ይህ ሰው ከመጣ ጀምሮ ዝርዝር ኖሮት አያውቅም። እሷ ጠጋ ስትል ግመሉ ከሆዱ «ጉርርር» አለ። ዘላ ከኋላዬ ተሸጎጠች።

«መጀመሪያ አንተ ውጣና እንየው።»

ሽማግሌው አየኝ። በላብ የራሰውን ግንባሬን፣ በዚያ ሙቀት የተከናነብኩትን ጋቢ አየ። ወደ እሷ ዞሮ «እሱ ነው?» አላት። «አዎ፣ እሱ ነው» አለችው። ራሱን ነቀነቀና «200 ይበቃል» አለኝ። እኔ ደግሞ አፌን ሳልከፍት 100 ብር ማስቀነሴን ሳስብ ደረቴ ተነፋ።

ግመል ሲነሳ በኋላ እግሩ ነው የሚጀምረው። ይህን የሚነግር ሰው ገበያ ሙሉ ሞልቶ ነበር፤ ማንም አልነገረኝም። በግንባሬ ወደ ፊት ተደፋሁና አንገቱን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ «ወላዲቷ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ ፊተኛው ተነሳ። አንገቱን ግን አለቀቅኩም። ባሏ ከታች «ፀሐይ እንዳይመታህ ጋቢውን ራስህ ላይ ጣል አድርገው» አለኝ፤ እንደምንም ጣል አደረግኩት። «አንዴ ዞር ዞር አድርገው» አሉ፣ ሽማግሌው ገመዱን ይዞ መራን።

ፊት ለፊታችን የመጣ አንድ ሰው ቆመና አንጋጦ አየኝ። «አላህ ያሽርህ፣ ወንድሜ።»

ምን ልበል? ወሎ ተወልጄ ምርቃትን በዝምታ አላልፍም። «አሚን» አልኩ። በቃ፣ በአፌ ታመምኩ። ጨው ሻጮቹ ጋ ስንደርስ «አፊያውን ይስጥህ» ተባልኩ፤ አሚን። ፍየል ተራ ላይ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ «ኩላሊቱን ነው አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ፤ አሚን። እህል ተራ ላይ ኩላሊቱ ወደ ጉበት ተዛውሯል፤ አንዲት እናት «ውይ፣ በዚህ ዕድሜው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ጎረምሶች መንገድ ያስለቅቁልናል። ጫት የያዘ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ሙሉ ዱዓ አደረገልኝ፣ ዙሪያው ሁሉ ተቀበለው። አንዷ የአፋር ሴት የግመል ወተት በጣሳ አቀበለችኝ፣ ገንዘብ ብሰጣት ከበሽተኛ አልቀበልም አለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከኋላ ስልኳን ደቅና እየሳቀች ትቀርጸኛለች። እሷ ስትስቅ ያየ ሁሉ በእሷ ጨካኝነት እየተገረመ ለእኔ ይበልጥ ያዝናል።

«አባ፣ አሁን እንመለስ» አልኩት ሽማግሌውን።

«ደረስን፣ አይዞህ» አለኝ።

ቀና ስል የጤና ጣቢያ በር ነው። ጥበቃው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ሁለቱን መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተልን። ለመኪና እንኳ እንዲህ አይከፍትም። ግመሉ ካርድ ክፍሉ ፊት ተንበረከከ፤ በዚህ ጊዜ የሚጀምረው በፊት እግሩ ነው፣ ድጋሚ ተደፋሁ። ከወረድኩ በኋላ «ጤነኛ ነኝ!» ብዬ ለመራመድ ብሞክር ጭኔ እንደ መቀስ ተከፍቶ አልገጥም አለ። ሁለት ሰዎች ብብቴ ሥር ገብተው ደገፉኝ። ከወረፋው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችልኝ።

ነገሩ የተፈታው እዚያ ነው። ሽማግሌው ለመዝናናት እንደወጣሁ ሲነገረው መጀመሪያ አላመነም። «እኛ ግመል እንጭናለን፣ እኛ በእግራችን እንሄዳለን» አለ። «ላዩ ላይ የሚወጣ የታመመ ነው። ወይ ሕፃን።» ከሁለቱ የትኛው እንደሆንኩ ለመወሰን ትንሽ አየኝና ግመሉን እየመራ ሄደ። እውነቱን ነው፤ የጨው ቅፍለት ከዳሎል ወዲህ ሲጓዝ ባለ ግመሎቹ ከጎን በእግራቸው ነው የሚሄዱት።

ደሴ ስንመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ለካ እህል ተራ ላይ የሰፈራችን ነጋዴ አይቶኝ ደውሏል። እማዬ እያለቀሰች ፌጦ ትወቅጣለች፣ የጎረቤት ሴቶች ድፎ ይዘው ተቀምጠዋል። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ ወላሂ!» አልኳት። «ተኛ» አለችኝ። ልከራከር ስል የግመል ወተቱ ሥራውን ጀመረ፤ ላልለመደው ሆድ መንገድ ጠራጊ ነው። እየሮጥኩ ስወጣ ከኋላዬ አንዷ «ይኸው፣ ጉበት እንዲህ ነው የሚያደርገው» ስትል ሰማኋት።

ማታ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን «ሕይወት በበረሃ» ብላ ለቀቀችው። እናቷ አዲስ አበባ ሆና አይታው ደነገጠች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ለመታከሚያ ብላ 1,000 ብር በቴሌብር ላከችልኝ።

«ኧረ እውነቱን ንገራትና መልስላት!» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

«የግመሉን ማን ከፈለው?» አልኳት። ባሏ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።