ከላይ የተመለሰው ልጅ

ሐዋሳ እያለሁ ጠዋት ጠዋት የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰለጥን ነበር። ደሞዝ አልነበረውም። ያለኝ ሁለት ኳስ፣ አንድ ፊሽካና ሠላሳ ልጅ ነበር። አሁን ፔንስልቬኒያ ውስጥ በአንድ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ጽዳት እሠራለሁ። ጨዋታ በነበረ ማግስት በጠዋት ገብተን ከየወንበሩ ሥር የቢራ ብርጭቆና ፈንዲሻ እንለቅማለን። እኛ ላይ ስንለቅም ክለቡ ታች በረዶው ላይ ልምምዱን ይሠራል።

መጀመሪያ ሰሞን ሆኪ ምኑም አልገባኝም። ፓክ የሚሏትን ያቺን ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ በዓይን መከተል ራሱ ያቅተኝ ነበር። አሰልጣኙ የሚያደርገው ግን ወዲያው ገባኝ።

ክለቡ የሚጫወተው የሰሜን አሜሪካ ትልቁ የሆኪ ሊግ ከሆነው ከኤንኤችኤል አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ፣ በኤኤችኤል ነው። 32 ክለቦች አሉት። እያንዳንዳቸው በላይኛው ሊግ የሚመግቡት አንድ ትልቅ ክለብ አላቸው። እኛ አገር ተስፋ ቡድን እንደምንለው ነው። ልዩነቱ እነዚህ የራሳቸው ከተማ፣ የራሳቸው ደጋፊና የራሳቸው ዋንጫ አላቸው። ሄርሺ ቤርስ የሚባለው፣ እዚሁ ፔንስልቬኒያ ያለው ክለብ፣ ከ1938 ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ሊጉ ውስጥ አለ፤ 13 ዋንጫም አንሥቷል። የሚመግበው ደግሞ ሐበሻ የሞላባትን የዋሺንግተንን ክለብ፣ ካፒታልስን ነው።

ታዲያ የዚህ ሊግ አሰልጣኝ ሥራ ከባድ ነው። ደጋፊው ድል ይፈልጋል። ትልቁ ክለብ ደግሞ ልጆቹ እንዲበስሉለት ይፈልጋል። ማክሰኞ ምርጥ አጥቂህ የነበረ ልጅ ረቡዕ በአንድ ስልክ ይወሰድብሃል። አሮጌ ተጫዋች ሰብስቤ ዋንጫ ልብላ ብትልም ሕጉ አይፈቅድልህም። ከበረኞቹ ውጪ ከሚሰለፉት 18 ሰዎች 13ቱ ገና በማደግ ላይ ያሉ መሆን አለባቸው። ከነሱ 12ቱ በፕሮፌሽናል ደረጃ ከ260 ጨዋታ በላይ ያልተጫወቱ፣ አንዱ ደግሞ ከ320 ያልበለጠ መሆን አለበት። ለቀሩት አምስት ቦታዎች አንጋፋ ማሰለፍ ይቻላል። ጥሩ አንጋፋ ለወጣቶቹ ታላቅ ወንድም ይሆናቸዋል።

አንድ ጠዋት፣ ላይኛው ሊግ ደርሶ የተመለሰ ልጅ አየሁ። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ፊቱ ጠቁሯል። ልምምዱ አልቆ ሌሎቹ ሲገቡ አሰልጣኙ አስቀረው። ጥጉ ላይ ቆሞ ፓኳን ከግድግዳው ጋር እያጋጨ ይልክለታል። ልጁ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቀበላል፤ ረዳቱ ከኋላ እየገፋው ፓኳን ወደ መሀል ማውጣት አለበት። ቆሻሻ የምሰበስብበትን ከረጢት እንደያዝኩ ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ላይ ተውኩት። እነሱ ግን አልተዉም።

ከዚያ አሰልጣኙ ታብሌቱን አምጥቶ ግድግዳው ጫፍ ላይ አስደገፈው። እኔ ከበላያቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ።

"እዚህ ጋ ተመልከት። ፓኳ ከመምጣቷ በፊት ዞር ብለህ አላየህም፤ ተነጠቅህ። እዚህም እንደዚሁ። ጎል ማግባትማ ታውቅበታለህ። የመለሰህ ይኼ ነው። ይኼን ካስተካከልክ ትሄዳለህ።"

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረው፤ እሱንም በዓይኑ አሳይቶት።

መውረድ የሁሉም መጨረሻ እንዳልሆነ አብሮኝ የሚያጸዳ አንድ የአገሩ ሰው ነገረኝ። ኮነር ማክማይክል በ2019፣ የኤንኤችኤል ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ምርጫ፣ ከመላው ዕጩዎች 25ኛ ሆኖ የተመረጠ የካፒታልስ ልጅ ነው። ዋናው ቡድን ውስጥ አንድ ሙሉ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ቆየ። በቀጣዩ ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሄርሺ እንዲጫወት ተላከ። እዚያ በ2023 ዋንጫ በላ። ተመልሶ ወጣና በ2024/25 ለካፒታልስ 26 ጎል አገባ። አሰልጣኞችም እንደዚሁ ይወጣሉ። ስፔንሰር ካርበሪ ከኤኤችኤልም በታች ካለ ሊግ ተነሥቶ ሄርሺን ያሰለጠነ ሰው ነው። በ2021 የኤኤችኤል ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፤ በ2025 ደግሞ ካፒታልስን ይዞ የኤንኤችኤልን የምርጥ አሰልጣኝ ሽልማት ወሰደ።

እኔ ግን ያን ቀን ቤት ስገባ በሐሳቤ የመጣው ሌላ ልጅ ነው።

ከ12 ዓመት በፊት ለዞን ውድድር 18 ልጆች መረጥኩ። ከታቦር በእግሩ እየመጣ አንድም ቀን ያልቀረ ልጅ ነበር፤ ስሙን አልጠራሁም። ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ መለያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ ሰጠኝና ሄደ። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ጉድለቱ ቀላል ነበር። ኳስ ከመድረሱ በፊት ዙሪያውን አያይም። አንድ ወር ብይዘው ይስተካከል ነበር። አልነገርኩትም። ዝርዝሩን ማንበቤ በቂ መስሎኝ ነበር።

ከጓደኞቹ አንዱን በቴሌግራም አግኝቼ ስልኩን ተቀበልኩ። እሑድ ደወልኩለት። ባጃጅ ይነዳል። "ኮች!" ብሎ ጮኸ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋው ሲያወራኝ ቆየ። በመጨረሻ ያን ቀን ለምን እንዳልመረጥኩት ነገርኩት። ዝርዝር አድርጌ፣ ልክ እንደዚያ አሰልጣኝ።

ዝም አለ። የባጃጁ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

"እኔ እኮ፣ ኮች፣" አለኝ፣ "አጭር ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር።"