ከለገሃር ሆኜ ስለ አገዳው ባቡር

ለገሃር፣ ከሰዓት በኋላ

ቀላል ባቡሩ ከበላይ ሲያልፍ ድልድዩ በሥሩ ለቆመ ሰው ሁሉ ያስተጋባል። የእሱ ሐዲድ 1,435 ሚሊሜትር ይሰፋል። በእ.ኤ.አ. 1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው የጅቡቲ መስመር ልክ 1,000 ነበር። የሴንት ኪትስ ደሴት ሐዲድ ግን 762 ብቻ ነው፤ የአንድ ሰው እርምጃ ያህል መሆኑ ነው። በዚያ እርምጃ ላይ ጎብኚዎችን የጫነ ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎ ይሄዳል። ስለዚህ ነገር ማሰብ አልተውኩም።

ሴንት ኪትስ ካሪቢያን ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሐዲዱን ከ1912 እስከ 1926 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዘረጉት አገዳ ከየእርሻው እየሰበሰበ ዋና ከተማው ባስቴር ወዳለው ስኳር ፋብሪካ እንዲያደርስ ነው። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ውሎ ካደረ ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ወንጂ ወይም መተሐራ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠው ወጪው ስለሚያንስና በአጭር ቦታ ስለሚታጠፍ ነው። ኮረብታውን ከመቅደድ ይልቅ ዳር ዳሩን ይዞራል። ዛሬ ተጓዡ ባሕሩን ሳይለቅ፣ በየመንደሩ ጓሮ አጠገብ የሚያልፈው በዚያ ጊዜ በተቆጠበው ገንዘብ ምክንያት ነው።

ልቤን የሚነካው የዓመታቱ አሰላለፍ ነው። የቱሪስቱ ባቡር በ2003 ጀመረ፤ የስኳር ሥራው በ2005 ተዘጋ። አዲሱ ጭነት የደረሰው አሮጌው ሳያበቃ ነው፣ በሁለት ዓመት ቀድሞ። ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ቶሎ ይሞታል፦ ሣር ይውጠዋል፣ ጎርፍ ከሥሩ ያለውን ጠጠር ይወስዳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብረቱ ይፈታል። ከዚያ በኋላ መጠገን አዲስ ከመዘርጋት አይተናነስም። የእኛው አዲሱ መስመር በ2016 ሲመረቅ መነሻው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ሆነ። የለገሃር ሐዲድ ግን ተረካቢ ጭነት አላገኘም። ቢያንስ እስከ ቅርብ ከተሞች በቀስታ የሚሄድ የእሑድ ባቡር ይገባው ነበር እላለሁ፤ ዛሬም እንዲሁ አስባለሁ።

ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመውን ልጻፍ። የደሴቲቱ ዙር በጠቅላላው 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፦ 29 ኪሎ ሜትር በባቡር፣ የቀረው 19 በአውቶቡስ። ሁሉም ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የባቡሩ ድርሻ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ዝግታው ጉድለት አይደለም። ከፍ ያለ ፉርጎ በጠባብ ሐዲድ ላይ ሲሄድ የሚወዛወዘው ከላይ ነው፤ ፍጥነት ቢጨመርበት ውዝዋዜው ይብሳል። መኪና ውስጥ የሚያጥወለውለው ሰው ታችኛው ፎቅ ይሻለዋል። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ሁለት ወንበር አለው፣ አንዱ ታች፣ ቀዝቃዛ አየር ባለበት፣ አንዱ ላይ፣ ክፍት በሆነው ሰገነት። ስለዚህ መሽቀዳደም አያስፈልግም፤ መውጣትና መውረድ ይቻላል።

የትኛው ጎን ይሻላል? ባቡሩ በባስቴር በኩል ካለው ከኒድስመስት ጣቢያ ከተነሳ ባሕሩ በቀኝ፣ ተራራው በግራ ይሆናል። አውቶቡሱ ቀድሞ ሄዶ ባቡሩን ከሌላኛው ጫፍ፣ ከላ ቫሌ፣ የሚይዙ ከሆነ ግን ይገለበጣል። ትኬት ሲቆረጥ ከየት እንደሚነሳ መጠየቅ ነው እንግዲህ። የተራራው ጎንም የሚናቅ አይደለም፤ 1,156 ሜትር ከፍታ ያለው የሊያሙኢጋ እሳተ ገሞራ ጫፉ ብዙውን ጊዜ ደመና ለብሶ ይታያል። ባቡሩ የሚሄደው በአትላንቲክ በኩል ስለሆነ ነፋሱ ከባሕሩ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ማሰሪያ የሌለው ባርኔጣ አይበረክትም። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ እየጠበሰ እንኳ አይታወቅም፣ የምድር ወገብ ቅርበቱን ማስታወስ ያሻል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጎርፍ ሸለቆዎቹ ላይ ያሉት የብረት ድልድዮች ናቸው። ድልድዩ ከሐዲዱ ብዙም አይሰፋም፤ ፉርጎው ግን በሁለቱም በኩል ተርፎ ይወጣል። ከሰገነቱ ጠርዝ ወደ ታች ሲያዩ ብረት የለም፣ ሐዲድ የለም፣ ከሥር ቅጠልና ድንጋይ ብቻ ነው። ለማንሳት የሚፈልግ ካሜራውን ከድልድዩ በፊት ያዘጋጅ፤ ማሰሪያውንም አንገት ላይ ያድርግ። በመሐል ጥቂት ዘማሪዎች ያለ መሣሪያ የሚዘፍኑበት ጊዜ አለ።

ጉዞው በአብዛኛው የሚወጣው ትላልቅ የመዝናኛ መርከቦች ወደብ በሚገቡበት ቀን ነው፤ መርከብ ከሌለ ባቡርም ላይኖር ስለሚችል በረራ ከመግዛት በፊት የመነሻውን ቀን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ትልቁ እንቅፋት ከሐዲዱ በፊት ይጠብቃል። በአሜሪካ በኩል ከታለፈ ለማለፊያ ብቻም ቪዛ ይጠየቃል፤ በለንደን ቢሆንም እንዲሁ። ትኬት የሚቆርጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ካልነገራችሁ እናንተው ጠይቁት።

አውቶቡሱ በምዕራቡ ዳርቻ ሲመለስ በብሪምስቶን ሂል ምሽግ አጠገብ ያልፋል። ምሽጉ ከ1999 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ በዙሩ ሰዓት የሚታይ አይደለም፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ያዙለት።