ድዳ ሳጥን ለኤአር 9

አሜሪካ ውስጥ በኪራይ አፓርታማ ለሚኖር ሰው ትልቅ ስፒከር መግዛት ትርጉም የሌለው ነገር ይመስላል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከላይም ከታችም ጎረቤት አለ። እኔም በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በኖርኩባቸው ዓመታት ሙዚቃ የሰማሁት በአብዛኛው በጆሮ ማዳመጫ ነው። ጎንደር ያለው ታላቅ ወንድሜ ግን ፒያሳ የነበረውን ሙዚቃ ቤቱን ከዘጋ በኋላ የሸክላና የካሴት ክምችቱን በሙሉ ወደ ቤት አምጥቶ አስቀምጦ ነበር፤ የሚያጫውትበት ስፒከር ደግሞ በአንድ እጅ የሚነሳ ትንሽ ዕቃ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆን፣ ቢያረጅም በደንብ የተሠራ ስፒከር እስካገኝ ድረስ የአሮጌ ዕቃ ማስታወቂያዎችን መከታተል ልማዴ ሆነ።

በመጨረሻ ያገኘሁት ጥንድ ኤአር 9 ነበር። ሻጯ ባላቸው የሞቱባቸው በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ሲሆኑ፣ ቤታቸውን ሊለቁ ሲያጸዱ ምድር ቤት ውስጥ የቆዩትን የባላቸውን ዕቃዎች እየሸጡ ነበር። ለጥንዱ የጠየቁኝ 200 ዶላር ነው። ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት ስለነበር ከችፑድ የተሠሩት የሳጥኖቹ ታችኛ ክፍሎች እንደ እንጀራ አብጠው ተነፋፍተዋል፤ የትልልቆቹ ስፒከሮች የፎም ጠርዝም በጣት ሲነካ ይረግፋል። እንዲህ ያለ ዕቃ ያየ ሰው ሞቷል ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። እኔ ግን በቴስተር ስለካቸው ከማግኔቱ ጋር የሚሠራው የሁሉም ጥቅልል ሽቦ አልተቆረጠም፤ ኮኖቹም፣ ማለትም እየተንቀሳቀሱ ድምፅ የሚያወጡት ሾጣጣ ገጾች፣ አልተቀደዱም። የረገፈው ሊተካ የሚችለው ክፍል ነው፤ ሊተካ የማይችለው ደኅና ነበር።

ኤአር 9 ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን መነሻውም የኤድጋር ቪልቹር ሐሳብ ነበር። ከእርሱ በፊት የስፒከርን ኮን ወደ ቦታው የሚመልሰው የራሱ ግትር ማንጠልጠያ ነው፤ ጥልቅ ድምፅ ሲመጣና ኮኑ ብዙ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ያ ግትር ማንጠልጠያ ድምፁን ያዛባዋል። ቪልቹር ማንጠልጠያውን አላላውና ሳጥኑን አየር እንዳያስወጣ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ኮኑን የሚመልሰው ሞላ በሳጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1978 ለገበያ የቀረበው ኤአር 9 ይህንኑ ሐሳብ በትልቁ የያዘ ነው፤ ቁመቱ ከ1.3 ሜትር ያልፋል፣ ክብደቱ ለአንዱ ብቻ ወደ 60 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በግራና በቀኝ ጎኑ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ባለ 12 ኢንች ሁለት የቤዝ ስፒከሮች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል፤ በፊቱ በኩል ደግሞ አንድ ባለ 8 ኢንች እና ከበላዩ ሁለት ትንንሽ ጉልላት መሰል ስፒከሮች አሉ።

ያን ሳጥን ጎንደር ድረስ መላክ የማይታሰብ ነበር፤ ቢቻል እንኳ ያበጠ ችፑድ መላክ ነው። ስለዚህ ሳጥኖቹን በየገጻቸው፣ ከውስጥም ከውጭም ለክቼ፣ የውስጥ ድጋፎቹንና የባለ 8 ኢንቹን የተለየ ክፍል ጭምር በወረቀት ነድፌ፣ ስፒከሮቹንና ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለውን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ብቻ ፈትቼ ወሰድኩ። አዲሱ ሳጥን ጎንደር ይሠራል ብዬ ወሰንኩ።

የፎሙን ሥራ የጨረስኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህ ፎም ፖሊዩሬቴን ሲሆን የአየር እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ቀስ በቀስ ያፈርሱታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መርገፍ ይጀምራል። አሮጌው ሙጫ ከኮኑ ጠርዝና ከብረቱ ላይ በአልኮል እየራሰ በትዕግሥት ተፍቆ መውጣት አለበት፤ የሥራው ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቀለበት መጀመሪያ ከኮኑ ጋር ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ከብረቱ ጋር ከመጣበቁ በፊት ጥቅልል ሽቦው በማግኔቱ ክፍተት መሐል በትክክል መቆሙ መረጋገጥ አለበት። እኔ ይህን ያደረግሁት ዝቅተኛ ድምፅ በቀስታ እያሰማሁ፣ የመፋተግ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ኮኑን በጥቂቱ እያንቀሳቀስኩ ነው። ከዚያም በ1.5 ቮልት ባትሪ ጫፎቹን ነክቼ አራቱም የቤዝ ስፒከሮች ወደ አንድ አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸውን አየሁ፤ አንዱ ተገልብጦ ቢገናኝ የሁለቱ ቤዝ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

በኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ፣ በውስጣቸው እርጥበት ያለባቸው ዕቃዎች) ደርቀው ነበርና ትንንሾቹን በማይደርቀው የፊልም ካፓሲተር፣ ትልልቆቹን ግን ፖል በሌለው (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ባልተለየበት) አዲስ ኤሌክትሮሊቲክ ተካሁ። በዚህ ጉዳይ አቋሜ የጸና ነው። ብዙ ሰው አሮጌ ስፒከር ሲያገኝ «ላሻሽለው» ብሎ የተጻፈውን መጠን ይለውጣል፣ ውድ ዕቃ ይጨምርበታል። የመጀመሪያው መሐንዲስ ስፒከሩን ያስማማው በነዚያ መጠኖች ነውና ቁጥሩን መጠበቅ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰሌዳው ጥቅልል ሽቦዎች ደኅና ስለነበሩ ምንም አልነካኋቸውም።

በሻንጣ የማጓጓዙን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በእያንዳንዱ ሻንጣ የሚፈቀደው 23 ኪሎ ግራም ስለሆነ ክብደቱ ተከፋፈለ፤ ማግኔት ያለበት ዕቃ በአውሮፕላን ሲጫን ደንብ ስላለው አየር መንገዱን አስቀድሜ ጠይቄ፣ ኮኖቹን በካርቶን ከድኜ አሸግኋቸው። ሁሉም በሰላም ጎንደር ገቡ።

ሳጥኑን የሠሩልን ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የአናጢ ቤት ያላቸው፣ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ናቸው። የፈረሰው የአያታችን ቤት የዋንዛ ሳንቃዎች ተቀምጠው ስለነበር እነርሱን ወስደን አሳየናቸው። ለዘመናት የደረቀ እንጨት ስለሆነ እጃቸውን እያስኬዱበት ብዙ አደነቁት፤ እኔ ግን ግድግዳው በኮምፔንሳቶ ተደርቦ እንዲሠራና ዋንዛው በስሱ ተሰንጥቆ ከውጭ ብቻ እንዲለበጥ መፈለጌን ስነግራቸው ቅር አላቸው።

«ልጄ፣ ዋንዛ እያለ ኮምፔንሳቶ ለምን እቆርጣለሁ? የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ የሚፈለፈለው ከዋንዛ አይደለም ወይ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከበሮው እንጨቱም ቆዳውም አብሮ እንዲጮኽ ነው የሚሠራው። ይህኛው ሳጥን ግን ከጮኸ ተበላሸ ማለት ነው፤ የሚናገሩት ስፒከሮቹ ብቻ ናቸው። ደግሞም ወጥ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸማቀቃል፤ በስንጥቁ ትንሽ አየር ካመለጠ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆንብናል፤ እርስዎም ያውቁታል» አልኳቸው።

ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ድዳ ሳጥን ነው የምትለኝ እንግዲህ» አሉ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሥራው የእርሳቸው ሆነ። በንድፉ ላይ ከነበሩት ድጋፎች ሌላ አንድ አግዳሚ እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረቡት እርሳቸው ናቸው፤ እኔም የእንጨቱን መጠን አስልቼ የውስጡ የአየር መጠን እንዳይቀንስ ሳጥኑን በዚያው ልክ ወደ ኋላ አስረዘምነው። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በኮላ ሞልተው፣ በማሰሪያ ጠፍረው፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ በኮላና በእንጨት ብናኝ ለቅልቀው ዘጉት። ሲጨርሱ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ዙሪያውን ሄዱ፤ የትም ቦታ አያስተጋባም ነበር።

ሳጥኑን የሚሞላው ነገር ሌላ ጥያቄ ነበር። የፋብሪካው ፋይበርግላስ በውኃው ተበላሽቷል፤ በምትኩ ለባና መፍተያ የሚሸጥ የበግ ጠጉር ገዝተን፣ አጥበን፣ በፀሐይ አድርቀን፣ ብል እንዳይበላው መድኃኒት ነክተን በእጅ አላላነው። የበግ ጠጉር ለዚህ ሥራ ከጥንት የተመሰገነ ነው፤ ረጅሙ ጭረት ከኮኑ ጀርባ የሚወጣውን ድምፅ ያደክመዋል። መጠኑን የወሰንነው በመለኪያ ነው፦ ከስፒከሩ ጋር አንድ ሬዚስተር በተከታታይ አገናኝተን፣ ከስልክ ላይ ዝቅተኛ ድምፆችን በየተራ እያሰማን፣ በስፒከሩ ጫፎች ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሁሉም ከፍ የሚልበትን ነጥብ እንፈልጋለን። ያ ነጥብ ስፒከሩና ሳጥኑ በአንድነት የሚርገበገቡበት ነው። ጠጉሩን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርን፣ ነጥቡ መውረዱን ሲያቆም ተውነው።

ሳጥኑ አየር መያዙን ለማወቅ ግን መሣሪያ አያስፈልግም። በአንዱ ጎን ያለውን የቤዝ ኮን በመዳፍ ቀስ ብሎ መግፋት ነው፤ በሌላው ጎን ያለው ወደ ውጭ ይወጣል። ተገፍቶ እንደቆየ የወጣው ኮን ፈጥኖ ከተመለሰ አየር ያመልጣል ማለት ነው። የእኛዎቹ በጣም ቀስ ብለው ተመለሱ። አናጢው ይህን ሲያዩ ራሳቸው ደጋግመው እየገፉ ይፈትሹ ነበር፤ ሁለቱ ስፒከሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚገፉ የአንዱ ግፊት የሌላውን እንደሚያጠፋና ሳጥኑ እንዳይንቀጠቀጥ የሚረዳውም ይህ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ሠሪው አናጢ ኖሯል» አሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ስጠብቀው ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ሜሪላንድ ካለው በአምስተኛ እጅ ገደማ ያንሳል፤ ሞላው አየር በሆነ ስፒከር ላይ ይህ ለውጥ ያመጣል። በሳጥኑ የታሰረው አየር ይለሰልሳል፣ የመርገብገቢያው ነጥብም ዝቅ ይላል። በልኬታችንም ከፋብሪካው አሃዝ ጥቂት ወርዶ አገኘነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የድምፁ ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ወንድሜ ግን በድንጋይ ግድግዳ ቤት ስለሚኖር ማካካሻው እዚያው ነበር። የአሜሪካ ቤት የጂፕሰም ግድግዳ ራሱ እየተንቀጠቀጠ ቤዙን ይውጠዋል፤ የድንጋዩ ግን ይመልሰዋል። እንዲያውም በዝቶ ነበርና ስፒከሮቹን ከጥግ አርቀን፣ በኋላቸው ባና ሰቅለን አስተካከልነው።

ጎረቤቶቻችን ሲያዩዋቸው ሁሉም ሞንታርቦ መስለዋቸው ነበር፤ ከጾም በኋላ ለሠርግ እንድናውሳቸው የጠየቁንም አሉ። እምቢ ማለት ከባድ ቢሆንም ምክንያቱን ማስረዳት ነበረብን። ለዳስ የሚሆን ስፒከር ከትንሽ ኃይል ብዙ ጩኸት እንዲያወጣ ይሠራል። እንዲህ ያለው የቤት ስፒከር ግን ጥልቀትን ለማግኘት ያንን ጉልበት ይከፍላል፤ ከሚቀበለው ኃይል ድምፅ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ የቀረው ጥቅልሉን የሚያግል ሙቀት ነው። ሌሊቱን በሙሉ ዳስ ውስጥ ቢጮኽ ይቃጠላል። አምፕሊፋየሩም ቢሆን አራት ኦም፣ ማለትም ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ያለውን ስፒከር፣ የሚችል፣ የጎንደር መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚልም በስታቢላይዘር የተጠበቀ መሆን አለበት።

ሥራው ያለቀው በዐቢይ ጾም ስለነበር እናታችን ዘፈን እንዳይከፈት አሳሰበችን፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ድምፅ በገና ሆነ። ለመፈተኛም ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም። የበገና ድምፅ ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ በእንዚራው፣ ማለትም ከጅማቱ ሥር በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ምክንያት ጅማቱ የሚያወጣው ንዝረት ነው፣ ሌላው ከሥሩ ያለው ጥልቁ ድምፅ ነው። በስልክ ወይም በትንሽ ስፒከር የምንሰማው ንዝረቱን ብቻ ነው፤ ሥሩን ጆሯችን በግምት ይሞላዋል። በዚህኛው ግን ሥሩ ራሱ በክፍሉ ውስጥ ነበረ፤ ንዝረቱም ሳይሸፈን ከላዩ ለብቻው ይሰማ ነበር። እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «ደርዳሪው እዚሁ ያለ ነው የሚመስለው፤ ድገሙት» አለችን። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የወንድሜን ሸክላዎች ስንሰማ እውነቱን ለመናገር በብዙዎቹ ላይ አዲስ ቤዝ አላገኘንም፤ አቀረጻው ያን ያህል አይወርድም። ያገኘነው የዘፋኙን ትንፋሽና የተቀረጸበትን ክፍል ስፋት ነው። ወንድሜ ለዓመታት ሲቀዳው የኖረውን አንድ ሸክላ ሰምቶ ከኋላ ሁለተኛ ሳክስፎን መኖሩን ያወቀው ያን ቀን ነው።

አሁን ሰዎች ፎማቸው የረገፈ የራሳቸውን ስፒከሮች ለወንድሜ እያመጡለት ነው፤ እኔም ቀለበቱን ከዚህ እልክለታለሁ። «ባለ 12 ኢንች ነው» ተብሎ ብቻ የታዘዘ ቀለበት ብዙ ጊዜ አይገጥምምና አራት ልኬት በሚሊሜትር እንዲልክልኝ ተነጋግረናል፦ የኮኑ የውጭ ጠርዝ ዲያሜትር፣ የፎሙ ጉብታ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ዲያሜትሮች፣ እንዲሁም ፎሙ የሚለጠፍበት የብረቱ ዙሪያ የውጭ ዲያሜትር። ፎሙ ከኮኑ ፊት ይሁን ከጀርባው የተጣበቀው የሚለውንም አሮጌው ሙጫ ከመፋቁ በፊት ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።