ኢንተርኔት ላይ የተበተነውን መረጃዬን እንዴት ሰበሰብኩት

ስለ ግል መረጃ ጥበቃ ወሬ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው "የትኛው ቪፒኤን ይሻላል?" ነው፤ ቪፒኤን የኢንተርኔት ግንኙነታችንን በሌላ ድርጅት በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት ነው። እኔ የጀመርኩት ግን ከኢሜይሌ ነው። አብዛኛው መረጃችን በጠላፊ ተሰርቆ የሄደ አይደለም። ፎርም ሞልተን፣ "እስማማለሁ" የሚለውን ተጭነን የሰጠነው ነው። በየፎርሙ ላይ ደግሞ ያንኑ ኢሜይልና ያንኑ ስልክ ቁጥር እንጽፋለን። አንድ ቦታ ጫማ የገዛው ሰውና ሌላ ቦታ ስለ ሕመሙ የጠየቀው ሰው አንድ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ሐሳቤ ከኢንተርኔት መጥፋት አልነበረም። የተያያዘውን ማለያየት ነበር።

መጀመሪያ ኢሜይሌ ውስጥ "ቬሪፋይ"፣ "ዌልካም" እና "ሪሴት ፓስወርድ" የሚሉ ቃላትን ፈለግኩ። የት የት አካውንት እንዳለኝ ለማወቅ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም። የወጣው ዝርዝር ጉድ ነው። ፎቶ ማሳመሪያ፣ ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ስሙን እንኳ የማላስታውሰው ጌም። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ሲቪ ያስገባሁበት አንድ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ነው። ሲቪው እዚያው ተቀምጧል። ሙሉ ስሜ፣ የልደት ቀኔ፣ የምኖርበት ሰፈር፣ የሠራሁባቸው ቦታዎች በሙሉ አሉበት። ታች ደግሞ ምስክር እንዲሆኑ የጠራኋቸው ሰዎች ስምና ስልክ። እነሱ ሳያውቁት እዚያ ገጽ ላይ ከርመዋል።

አካውንት ስትዘጉ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመጀመሪያ ስሙን፣ ልደቱን፣ ስልኩንና ፎቶውን ቀይሩ ወይም አጥፉ፤ ከዚያ ነው "ዲሊት" የሚባለው። "ዲአክቲቬት" የሚለው ብዙ ጊዜ ከሰው ዓይን መደበቅ ብቻ ነው፤ መረጃው ከነነፍሱ ይቀመጣል። የማጥፊያው ቁልፍ ከጠፋባችሁ የግላዊነት ፖሊሲው ውስጥ ፈልጉ። የአውሮፓ ኅብረት ጂዲፒአር የተባለው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች መረጃን ማውረጃና ማጥፊያ ገጽ አዘጋጅተዋል። አንዱ ግን አካውንቴን ለማጥፋት የመታወቂያዬን ፎቶ ጠየቀኝ። መረጃዬን እንዲያጠፋ የባሰ መረጃ ልስጠው? ያለውን ሁሉ በማይረባ ነገር ቀይሬ ትቼው ወጣሁ።

ቀጥሎ ኢሜይሌን "ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ" ላይ አስገባሁ። ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ነጻ አገልግሎት ነው። ኢሜይላችሁ በየትኛው የመረጃ ዝርፊያ ውስጥ እንደወጣ ይነግራችኋል። አደጋው የተዘረፈው ገጽ ላይ አያበቃም። ጠላፊዎች የወጣውን ኢሜይልና ፓስወርድ ይዘው ሌሎች ገጾች ላይ በፕሮግራም ይሞክሩታል። አንድ ፓስወርድ ሁለት ቦታ ካገለገለ ሁለቱም ቦታ በር ተከፍቷል ማለት ነው። እኔ አሁን ቢትዋርደን የሚባል የፓስወርድ ማስቀመጫ እጠቀማለሁ። ፓስወርዱን ሁሉ እሱ ይፈጥራል፣ እሱ ይይዛል። እኔ የማስታውሰው ከማይገናኙ ቃላት የተሠራ አንድ ረጅም ሐረግ ነው። ለኢሜይልና ለባንክ ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቅ ኮድ፣ አድርጌያለሁ፤ በተቻለ መጠን በኤስኤምኤስ ሳይሆን በአፕ። ስልክ ቁጥርን በሌላ ሲም ላይ አስወጥቶ ኮዱን መቀበል የታወቀ ማጭበርበሪያ ነውና። ስልኬ ቢጠፋ የምገባባቸውን መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ። አዎ፣ ወረቀት ላይ። ወረቀትን ከሩቅ ሆኖ የሚጠልፍ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኢሜይሌን ለሦስት ከፈልኩት። አንዱ ለባንክና ለመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ሌላ ቦታ ፈጽሞ አይጻፍም። ሁለተኛው ለማውቃቸው ሰዎች ነው። ለተረፈው ሁሉ፣ ለሱቅ፣ ለዜና፣ "ለማየት ብቻ" ለምከፍተው አፕ፣ ተለዋጭ አድራሻ እሰጣለሁ። ፋየርፎክስ ሪሌይ፣ ሲምፕልሎጊንና የአፕል "ሃይድ ማይ ኢሜይል" እንዲህ ያለ አድራሻ ይፈጥራሉ። መልእክቱ ወደ እናንተ ይመጣል፣ ላኪው ግን እውነተኛውን አድራሻ አያይም። አንዱ አድራሻ ላይ ማስታወቂያ መዝነብ ሲጀምር ማን አሳልፎ እንደሰጠኝ ወዲያው አውቃለሁ፤ ያንን አድራሻ ብቻ እዘጋለሁ። ጂሜይል ላይ ከስማችሁ ቀጥሎ የመደመር ምልክትና ሌላ ቃል መጨመር (ስም+ሱቅ እንደማለት) ለዚህ አይበቃም። ከምልክቱ በኋላ ያለውን የቆረጠ ሰው ዋናውን አድራሻ ያገኛል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት፣ የፖስታ ኮድ፣ ጾታና ሙሉ የልደት ቀን ብቻ ይዞ 87 በመቶ የሚሆነውን የአሜሪካ ሕዝብ አንድ በአንድ ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አሳይታለች። ስም የለ፣ ስልክ የለ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሕግ ግድ ካላለኝ በቀር ትክክለኛ ልደቴን የትም አልሰጥም። "የእናትህ ስም ማነው?" ለሚለው የማረጋገጫ ጥያቄም የዘፈቀደ ፊደል እሞላለሁ። መልሱ ቢትዋርደን ውስጥ አለ። እናቴን የሚያውቅ ሁሉ አካውንቴን የሚከፍትበት ምክንያት የለም።

ብራውዘር ላይ ብዙ አልተጨነቅኩም። ፋየርፎክስ ላይ ማስታወቂያና ተከታታይን የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጅን ጫንኩ፣ አለቀ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘር የግል መስኮት ግን ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አይሸፍንም። ታሪኩን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያጠፋል እንጂ ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁም ሆነ ከምትከፍቱት ገጽ አይደብቃችሁም። ቪፒኤንም ቢሆን የኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ያይ የነበረውን ለቪፒኤን ድርጅቱ ያስተላልፋል። ማንን ይበልጥ ታምናላችሁ ነው ጥያቄው። ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ቪፒኤን እኔ አልነካም።

ስልክ ላይ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ፐርሚሽኖችን፣ ማለትም ለየአፑ የፈቀድኩትን፣ አየሁ። ሎኬሽን "አፑን ስጠቀም ብቻ" ሆነ፤ ለአየር ሁኔታ አፕ ደግሞ ግምታዊ ቦታ ይበቃዋል። ካልኩሌተር ኮንታክት ሲጠይቅ ወዲያው ነው የሚሰረዘው። ካሜራው ፎቶ ላይ ቦታ እንዳይጽፍም ዘጋሁት። ጆን ማካፊ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቤሊዝ ፖሊስ ሸሽቶ ሳለ ጓቲማላ መሆኑ የታወቀው፣ አንድ መጽሔት ባወጣው ፎቶው ውስጥ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ የጂፒኤስ ቁጥር ተጽፎ በመገኘቱ ነው። የአንቲቫይረስ ነጋዴ ሆኖ! ልብ በሉ፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ይህ መረጃ ይወልቃል፤ "እንደ ፋይል" ስትልኩ ግን አብሮ ይሄዳል።

ያልተፈታልኝ የሌላ ሰው ስልክ ነው። እኔ ስንት ነገር ብዘጋም፣ ወዳጆቼ ኮንታክታቸውን ለአፕ በፈቀዱ ቁጥር ቁጥሬ ከነስሜ ይጫናል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ቁጥሬን ማንም እንዳያይ፣ በቁጥሬ የሚያገኙኝም ኮንታክቴ ውስጥ ያሉት ብቻ እንዲሆኑ አድርጌያለሁ። ግሩፕ ውስጥ የሚያስገባኝም ከእነሱ ውጪ የለም። ሲቪዬ ላይ የነበሩትን ምስክሮችም ደውዬ ነገርኳቸው። አሁን የምልከው ሲቪ ላይ የእነሱ ቦታ "ሲጠየቅ ይቀርባል" ነው የሚለው።