«ወላጅ አምጣ» ያልኩባቸው ዓመታት

ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አዲስ አበባ፣ መሃል ከተማ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ። ከሒሳቡ ጋር የአንድ ክፍል ሆም ሩምም ነኝ። ስም መጥራት፣ ሮስተር መሙላት፣ ካርድ ማደል፣ የቀረና ያረፈደውን ማሳደድ የሆም ሩም ሥራ ነው። የመጨረሻውን ለዓመታት አምርሬ እጠላው ነበር።

የጠላሁትን ሥራ እንዴት እሠራው እንደነበር ልንገራችሁ። 2:00 ሰዓት ላይ ደወሉ ይመታል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል። 2:10 ላይ በሩ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የመጣ አርፋጅ ነው፤ ውጪ ይቆማል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ይገባና ግቢ ይጠርጋል ወይ ይንበረከካል። ሦስት ጊዜ ካረፈደ ወይም ሳያስፈቅድ ከቀረ ደግሞ ያቺ የታወቀች ትእዛዝ ትመጣለች፤ «ወላጅ አምጣ!»

ጎማም ነበር፤ አልዋሽም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው በግልጽ ጽፏል። የሲቪክስ መምህራችን ይህንኑ ሲያስተምር ከውጪ የጎማው ድምፅ ይሰማ ነበር። ማናችንም ግን ነገሩ አልገረመንም።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ የውሸት አጎት ነው።

አንድ ልጅ አራት ቀን አከታትሎ ቀረ። ናቲ እንበለው። ሲመጣ «ወላጅ አምጣ» አልኩት። በቀጣዩ የትምህርት ቀን አንድ ጎልማሳ አስከትሎ ከች አለ። «አጎቴ ናቸው።» ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ልጁን በቁጣ ገላመጠውና «ቲቸር፣ እጄ ላይ ነው ያደገው፤ እንዲህ ያለ ባሕርይ አያውቅም ነበር» አለኝ። ደስ አለኝ። ቆፍጠን ያለ ወላጅ ተገኘ ብዬ። እንዲያው ለወግ ያህል «ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ያውቃሉ?» ስለው ዝም አለ። ናቲን አየው። ናቲ መሬት መሬት ያያል። «ስምንተኛ... አይደለም እንዴ?» አለ።

ያኔ እጁን አየሁ። ጥፍሩ ሥር የጥቁር ቀለም ቅሪት አለ። ታክሲ ተራው ጋ ያለው ሊስትሮ ነው! ከሁለት ቀን በፊት ጫማዬን የጠረገልኝ እሱ ነው። ልጁ የታክሲውን ገንዘብ አጠራቅሞ ለግማሽ ቀን አጎትነት ቀጥሮታል።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። ሊስትሮው ሲያየኝ እሱም ሳቀ፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጁ አሳዘነኝ» አለና ሄደ። ናቲ ግን አልሳቀም፤ አለቀሰ። ቁጭ አድርጌ ስጠይቀው ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት አሥር ደቂቃ ያህል አርፍዶ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል። ቆሞ ጎማ ከመጠበቅ ፒያሳን ሲዞር ዋለ። ማክሰኞ የሰኞው ያስጠይቀኛል ብሎ ቀረ። ረቡዕ የሁለቱም ቀን ተደምሮ አስፈራው። እናቱ የቀን ሠራተኛ ናት፣ ሕንፃ ግንባታ ላይ። አንድ ቀን ከቀረች የዚያን ቀን ደመወዟን ታጣለች፤ ቦታዋንም ሌላ ሊይዝባት ይችላል። እሷን ከሥራ ከሚያስቀር ሊስትሮ መቅጠር ቀለለው።

አሥር ደቂቃዋን ያረፈደው ናቲ ነው። አራት ቀን ያደረግናት ግን እኛ ነን። ይህ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ዳይሬክተራችን ጋ ገባሁና ለአንድ ክፍል ብቻ፣ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ፣ በሩን ክፈቱልኝ አልኩ። አርፋጅ ይግባ፣ ቀጥታ ክፍል ይቀመጥ። በር ላይ ቅጣት አይኑር። ያለፈውን ግን በዕረፍት ሰዓት እኔ ጋ ቁጭ ብሎ ይሥራ። «ሁሉም ያረፍዳል!» አለኝ። እውነቱን ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ያረፈደው ልጅ ከወትሮው በእጥፍ በለጠ። ባልደረቦቼ እያዩኝ ይስቃሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መቀነስ ጀመረ። ልጆች ግቢ መጥረግ አይከብዳቸውም፤ እንዲያውም ከጓደኛ ጋር ከሆነ ጨዋታ ነው። ጓደኞቻቸው ኳስ ሲያንከባልሉ በመስኮት እያዩ ክፍልፋይ መደመር ግን ይከብዳል።

ከዚያ አንድ ባለ ስኩዌር ደብተር ገዛሁ። ስም፣ የደረሰበት ሰዓት፣ ምክንያት። ደብተሩ በር አጠገብ ባለው ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ አርፋጁ ራሱ ይጽፋል። ለሁለት ሳምንት ሁሉም የጻፈው ሁለት ነገር ነው፤ «ትራንስፖርት» እና «እናቴ አሟት»። የክፍሉ እናት በሙሉ ታማ ነበር ማለት ነው። ቀስ በቀስ ግን ማንም እንደማይቆጣ ሲያዩ እውነቱን መጻፍ ጀመሩ። «ሰዓት የለንም፣ ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ነው የምንነሳው፣ ዛሬ አልከፈተም።» «እህቴ ዩኒፎርሜን ለብሳ ሄደች።» «ተኛሁ።» ይቺ የመጨረሻዋ ደስ ትለኛለች፤ ሐቀኛ ናት።

አንዷ ልጅ በየቀኑ 2:20 ትጽፋለች። አንድም ቀን 2:10፣ አንድም ቀን 2:30 አትልም። የሰነፍ ሰዓት ይዋዥቃል፤ የሷ ግን እንደ ችካል የተተከለ ነው። ሰነፍ እንዳልሆነች ከዚህ ገባኝ። ስጠይቃት እናቷ ገና ሳይነጋ አትክልት ተራ ትወርዳለች፤ ትንሹን ወንድሟን መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሰው እሷ ናት። የዚያኛው በር የሚከፈተው 2:00 ነው። ከዚያ እየሮጠች ትመጣለች። አንድ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። «አባባ፣ ይህን ልጅ 1:40 ላይ ቢቀበሉልን?» አልኳቸው። «እኔ እንደሁ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። በቃ። የሁለት ዓመት አርፋጅ በአንዲት ጥያቄ ዳነች። እኛ በነዚያ ሁለት ዓመታት ስንት ጊዜ እንዳንበረከክናት መቁጠር አልፈለግኩም።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ልበል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ያስተማረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ የሚደፋ ልጅ ነበር፤ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ሁልጊዜ ቅዳሜና እሑድ እስኪደርስ የሚጠፋም ነበር። ቁርሱ ሲጀመር በር ሳይከፈት የሚሰለፉ ልጆች አየን። እኛ በምክርም በጎማም ያልቻልነውን ነገር ቁርስ ቻለው።

ከትምህርት የሚቀሩትን በተመለከተ የለወጥኩት ነገር ስልክ ነው። ቀድሞ ወላጅ የሚያውቀው ካርድ ሲወስድ ነበር፤ ያኔ ውሃ ፈሷል። አሁን 2:30 ላይ የክፍሉ አለቃ የቀሩትን ስም ይሰጠኛል፣ እደውላለሁ። ሮስተሩ ላይ ካለው ቁጥር ግማሹ አይሠራም፣ ወይ የጎረቤት ነው። እንደገና መሰብሰብ ነበረብኝ። የመጀመሪያው ቀን ለአንዲት እናት ደውዬ «እንደምን አደሩ፣ ከትምህርት ቤት ነው» ስል «ወይኔ ልጄ! ምን ሆነብኝ?» ብለው ጮኹ። ስልኩ ወደቀ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ልጁ ለካ ጉንፋን ይዞት አጠገባቸው ተኝቷል! ግን ከትምህርት ቤት የሚመጣ ስልክ ለሳቸው መርዶ ነው፤ ሌላ ነገር ሰምተውበት አያውቁም። ከዚያ ወዲህ መስከረም ላይ፣ መስቀል አልፎ ክፍሉ ሲሞላ፣ ለሁሉም ወላጅ አንድ አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ለደግ ነገር። «ልጅዎ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሠራ» ብዬ እዘጋለሁ። የስልክ ካርዱ ከኪሴ ነው። ለሻይ ከማወጣው አይበልጥም።

ሴቶቹ ላይ ሌላ ነገር አየሁ። አራት አምስት የሚሆኑት በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይቀራሉ፤ ተመልሶ በየወሩ። መዝገቡን ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ጎልቶ ታየኝ። እኔ ወንድ ነኝ፣ መጠየቅ አልችልም። ለሥርዓተ ፆታ ክበብ ኃላፊዋ መዝገቡን ሰጠኋትና ወጣሁ። ሞዴስ የሚቀመጥበት አንድ ቁም ሳጥን ተገኘ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውሃ ስለሌለው ደግሞ በየጠዋቱ ጄሪካን የሚሞላ ሰው ተመደበ። ለሞዴሱ ከመምህራን ሻይ ክበብ ተዋጣ። ከዚያ ያለውን ዝርዝር አላውቅም። መዝገቡ ላይ ግን ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ነገሩ ሲሳካ ጊዜ ልቤ አበጠና ሽልማት ጀመርኩ። ወሩን ሙሉ ላልቀረ እስክሪብቶና ደብተር፣ በሰልፍ ላይ፣ በጭብጨባ። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ልጅ ጉንጩ እንደ ድንች አብጦ መጣ። ጆሮ ደግፍ። «ለምን ቤትህ አልተኛህም?» ስለው «ሦስት ቀን ነው የቀረኝ ቲቸር» አለኝ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከዚያ መደዳ የተረፈው ጥቂት ነው። ሽልማቱን ሰረዝኩት። ማን ይበልጥ እንዳሻሻለ ለብቻው ጠርቼ መንገር ጀመርኩ፤ እስክሪብቶ የለውም፣ ጭብጨባ የለውም። ይሻላል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰኞ ነው። ሰኞ ሁልጊዜ ቀሪ ይበዛል። ገበያ ነው፣ የእሑድ ድካም ነው ስል ቆየሁ። አንድ ቀን ደብተሩ ላይ፣ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ በግራ እጅ በሚመስል ጽሑፍ፣ «ሰኞ መጀመሪያ ሒሳብ ስለሆነ» የሚል አገኘሁ። ዓርብ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ያልሠራውን ክፍል ፊት አቆማለሁ። ያልሠራ ልጅ ይፎርፋል፤ እኔም ብሆን እፎርፍ ነበር። አሁን የቤት ሥራውን ማክሰኞ አያለሁ። ሰኞን ጥያቄ መጠየቂያ አደረግኩት። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ስምንት ዓመት ፈጀብኝ? አላውቅም። ማንም ምክንያት በሚባለው ዓምድ ራሱን አይፈልግም።

ስለ ራሴ ካነሳሁ አይቀር፣ እኔም አርፍድ ነበር። የምኖረው ሩቅ ነው። ፊርማ መፈረሚያው ላይ ለመምህር ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ ይታለፋል። አንድ ጠዋት ስገባ የክፍሉ አለቃ ደብተሩን ጽፋ ጨርሳለች። «ሆም ሩም። 2:18።» የምክንያቱን ቦታ ባዶ ትታ እስክሪብቶውን ዘረጋችልኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። «ትራንስፖርት» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ አንዱ «ወይስ እናትዎ አሟቸው?» አለ። በዕረፍት ሰዓት ቁጭ ብዬ ሠራሁ፤ እነሱ ያወጡልኝን ጥያቄ። ከዚያ ወዲህ ከቤት የምወጣው ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ነው።

ያልተሳካልኝም አለ። ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገቡ ልጆች ነበሩኝ። እናቶቻቸው ሥራቸው እዚሁ መሃል ከተማ ስለሆነ ልጆቹን አላስወጧቸውም። ወደዚያ አቅጣጫ የሚሄዱትን አምስቱን አቧድኜ ትልቁን መሪ አደረግኩት፤ አብረው ተነስተው፣ አብረው ተሰልፈው፣ አብረው ይመጣሉ። አሪፍ ሠራ። መሪው አንድ ቀን ታመመና አምስቱም ቀሩ። እየጠበቁት ነበር።

ከነሱ አንዱን ግን ምንም አላዳነውም። 11:30 ላይ፣ ገና በጨለማ፣ ከቤት ይወጣል፤ የታክሲ ሰልፍ ይዞት 2:20፣ 2:30 ይገባል። ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይተኛል። እናቱን ጠርቼ ሳይሆን እሑድ ቀን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ቡና አፈሉልኝ። አጠገባቸው አዲስ ትምህርት ቤት እንዳለ በመስኮት አሳዩኝ። «እናንተ ጋ ይሻላል ብዬ ነው እኮ» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በየካቲት መሸኛውን ራሴ ጽፌ ሰጠኋቸው።

ለፋሲካ ደወሉልኝ፤ «እንኳን አደረስዎት።» ልጁን አገናኙኝ። ከቤቱ እስከ አዲሱ በር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሰባት ደቂቃ።»

«ታዲያ አሁንማ አታረፍድም?»

ትንሽ ዝም አለ። «አንዳንዴ» አለኝ። «ቅርብ ስለሆነ እተኛለሁ ቲቸር።»