መሬት ሲንቀጠቀጥ ፍርሃቴን እንዴት ቻልኩት

ጅብ ቢመጣ በር ይዘጋል። ሌባ ቢመጣ ይጮሃል፣ ጎረቤት ይደርሳል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ሰው ወዴት ይሮጣል? በ2017 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለን ብዙ ሰዎች ለወራት ከዚህ ጥያቄ ጋር ተኝተን ከዚህ ጥያቄ ጋር ተነሥተናል። ፍርሃቱን እንዴት እንዳለፍኩት የሚጠይቁኝ አሉ። በእግዚአብሔር ታምኜ ነው። ግን ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ለፈራ ሰው ምንም አያደርግለትም። ስለዚህ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምኖረው አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ የሚወረድበት አፋፍ ላይ ነን። ቀኑ ሲጠራ ከቤቴ ጓሮ ቆሜ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ይታየኛል። መንቀጥቀጡ የተነሣው ከዚያ ነው፣ ከፈንታሌና ከዶፈን ተራሮች አካባቢ።

መስከረም መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ያሳበቁት ሲኒዎች ናቸው። ረከቦት ላይ እንደተደረደሩ በራሳቸው መንጫጨት ጀመሩ። ልጄ «እማዬ፣ ማን ነካቸው?» አለችኝ። የነካቸው አልነበረም። አምፖሉን ቀና ብዬ ሳየው ይወዛወዛል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም ጸጥ አለ። ያን ቀን ብዙም አልደነገጥንም።

ታኅሣሥ 26 ግን ሌላ ነበር። ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ በጾመ ነቢያት መጨረሻ። መጠኑ ወደ 5.8 የሚጠጋ እንደነበር በኋላ ሰማን። ቤታችን በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤት ነው፣ እንደ አብዛኛው የደጋ ቤት። መጀመሪያ ከታች አጓራ፣ ከዚያ አልጋው ወደ ጎን ተወረወረ። ከግንቡ አፈር እየተንኮተኮተ ፊቴ ላይ ወረደ። ባለቤቴ ትልቋን፣ እኔ ትንሹን ይዘን ወጣን። ከበሩ በላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። ውጭው ውርጭ ነው። ባና ተከናንበን ሜዳው ላይ ተቀመጥን፣ ሰፈሩም ሁሉ ወጣ። አንድ ሽማግሌ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለው ጀመሩ፣ ሕዝቡ ተቀበለ። እስኪነጋ እንዲሁ አደርን።

ከዚያ በኋላ የያዘኝ ፍርሃት ከሌሊቱ የባሰ ነበር። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር እዘላለሁ። ጋደም ስል የገዛ ልቤ ሲመታ አልጋው የተንቀጠቀጠ ይመስለኛል። ጫማዬን አድርጌ ነበር የምተኛው። እህል አልወርድ አለኝ። ዳዊት ስደግም አፌ ይናገራል፣ ጆሮዬ ግን ግድግዳውን ያዳምጣል።

ስልኩም አላስቀመጠኝ። «ዛሬ ሌሊት 8 ሰዓት ትልቁ ይመጣል» የሚል መልእክት ከአንዱ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ለእህቴ እልካለሁ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት ቆርጦ መናገር የሚችል ሳይንቲስት የለም። ሰው ሲፈራ ግን ሰዓት የሚነግረውን ሁሉ ያምናል። ሌላው ደግሞ «ቁጣ ነው፣ ገና ምኑ ታይቶ» ይል ነበር። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ እኔን የሰበረኝ ይህኛው ነው።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባ፣ እምነቴ የጠፋ መሰለኝ። እየጸለይኩ እንኳ እንቀጠቀጣለሁ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጌታ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ አልነበረም? ጭንቀትሽ እስኪተውሽ አትጠብቂ። ይዘሽው ጸልዪ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «አልጋሽ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ግድግዳውን ተጠግቶ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ አርቂው። ከዚያ ዳዊትሽን ድገሚ።»

እንዲህ ያለ ምክር ከእሳቸው አልጠበቅኩም ነበር። ጸበል ጠጪ፣ ስግደት ጨምሪ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ይህች አነጋገራቸው ግን ብዙ ነገር ፈታችልኝ። እስከዚያ ድረስ መጠንቀቅ ማለት አለማመን ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን አልጋ ማራቁንና ዳዊት መድገሙን በአንድ ትንፋሽ አዘዙኝ።

ያን ማታ አልጋውን ወደ መሐል ሳብነው። ከብፌው ላይ ድስቱንና ሰፌዱን አወረድን። ባትሪና ጫማ ከራስጌ አስቀመጥን። ለልጆቹ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ወደ በር ከመሮጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ እግሩን መያዝ፣ ሲያቆም መውጣት እንደሚሻል አሳየናቸው። ከዚያ መዝሙር 45ን ከፈትኩ። በሌላው አቆጣጠር 46 ነው። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን፥ ባገኘን በታላቅ መከራም ረዳታችን ነው። ስለዚህ ምድር ብትነዋወጥ፥ ተራሮችም ወደ ባሕር ልብ ቢወሰዱ አንፈራም።» ይህን መዝሙር ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው። ስለ እኛ ቤት የሚናገር የመሰለኝ ግን ያን ማታ ነው። «ባገኘን» ነው የሚለው። መከራው አይነካችሁም አላለም። መከራው አግኝቶን፣ እዚያው ውስጥ ረዳት አለን።

የሚቀጥለው ቀን የኤልያስን ታሪክ ከመጽሐፈ ነገሥት አነበብኩ። ያ እሳት ያወረደ ነቢይ አንዲት ንግሥት ዛተችበትና ፈርቶ ሸሸ፣ ክትክታ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። ክትክታ እኛም ወደ ቆላው ስንወርድ ሞልቷል፣ ስለዚህ ነገሩ ዓይኔ ላይ መጣ። መልአኩ ሲመጣ አልተቆጣውም። «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። አጠገቡ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ተነሣሁና ምጣዴን ጣድኩ። ለልጆቼ እንጎቻ ጋገርኩ፣ እኔም ከስንት ቀን በኋላ በላሁ። እግዚአብሔር የፈራን ሰው መጀመሪያ እንደሚመግብ ያመንኩት ያኔ ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ ብሎ ነፋስ ይመጣል፣ ከነፋሱም በኋላ የምድር መናወጥ። «እግዚአብሔር ግን በምድር መናወጥ ውስጥ አልነበረም» ይላል። ከዚህ በኋላ «ቁጣ ነው» የሚለውን ወሬ መስማት አቆምኩ። ንስሐ መግባት ሁልጊዜም ይገባናል፣ ለዚያ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም። ቤቱ የተሰነጠቀበትን ሰው ግን «ኃጢአትህ ነው» ማለት ግፍ ይመስለኛል።

ምክንያቱን ማወቅም ረድቶኛል። በዚያ ሰሞን መሬቱ የተንቀጠቀጠው ከመሬት በታች የቀለጠ ድንጋይ እየገፋ መንገድ ሲከፍት ነው። ስምጥ ሸለቆው ራሱ የተፈጠረው መሬት ወደ ሁለት ወገን እየተጎተተ ሲሰነጠቅ ነው። ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገርም አይደለም። ጎረቤታችን እማማ ከማጀቴ ተድረው የመጡ ባልቴት ናቸው። በ1953 ዓ.ም. በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ። «እናቴ እኔን በጀርባዋ፣ ሌማቱን በራሷ አድርጋ ወጣች» ብለው ሲያወሩ አይንቀጠቀጡም። «ይኸው አድጌ፣ ተድሬ፣ የልጅ ልጅ አየሁ» ይላሉ። አንድ ስብከት ከሚያደርግልኝ በላይ የእሳቸው መቀመጥ አረጋጋኝ። በፈራችሁ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጋችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ቡና አፍሉለት፣ ያውራላችሁ።

ሌላው የረዳኝ ከእኛ የባሰባቸውን ማሰብ ነው። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ሰፈራችን ውስጥ ያለን ሴቶች በሶና ቆሎ አዋጣን። ወደ ታች የሚወርድ አንድ የአርጎባ ነጋዴ ጭኖ ወሰደልን፣ የጭነት አልቀበልም አለ። ገብሱን ስቆላ ያደርኩበትን ሌሊት አስታውሳለሁ። ትንሽ ነቅነቅ አድርጎን ነበር፣ እኔ ግን እንዳያርብኝ ምጣዱን ማማሰሌን አልተውኩም። ልብ ያልኩት ጨርሼ ስቀመጥ ነው።

ጾመ ነነዌ የካቲት 5 አበቃ። የካቲት 7 ማታ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ 6 የሚደርስ መንቀጥቀጥ መጣ። ፈራሁ። ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ተብረከረከ። ግን ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣ ትልቋ «አምላካችን መጠጊያችን» እያለች ጀመረች፣ ትንሹ ተከተላት። ሲያቆም ወጣን። እማማን ለማየት ሄድኩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር። «ተረፋችሁ? ተመስገን። በሉ ግቡ፣ ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው» አሉን። ገባንና ተኛን። እኔም ተኛሁ፣ ጫማዬን አውልቄ።

መሬት ያልተንቀጠቀጠበት፣ ግን የሐኪም ውጤት የሚጠብቅ ወይም ልጁ ርቆበት የሚያድር ሰው ይህን እያነበበ ይሆናል። ለእሱ የምለው አለኝ። ፍርሃትህን ለእግዚአብሔር በስሙ ጥራለት፣ «ይህን ፈራሁ» በለው። አንድ መዝሙር በቃልህ ያዝ፣ ረጅም አይሁን። እህል ቅመስ። ወሬ የሚያመጣብህን ስልክ ማታ ማታ ዝጋው። ብቻህን አትደር፣ ጎረቤት ጥራ። ፍርሃቱ ተመልሶ ሲመጣም እምነቴ አለቀ አትበል፣ ያንኑ መዝሙር እንደገና ጀምር።

እኛ ከፋሲካ በኋላ ግንበኛ ጠራን። ከበሩ በላይ ያለው ግንብ ፈርሶ እንደ አዲስ ተሠራ፣ ማዕዘኖቹም በወፍራም እንጨት ታሰሩ። ሥራው ሳይጀመር አባ መጥተው ጸሎት አድርገው ጸበል ረጩ፣ ከዚያ የማዕዘኑን እንጨት በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው መጥበቁን አዩ። ገንዘብ ስናገኝ ጓዳውንም እንዲሁ እናሠራለን።